ቃለ ጉባኤ ያዡ ምን ብሎ ይጻፍላችሁ? በክፍልም በስብሰባም ቆሞ ለመናገር ዝርዝር መመሪያ

ስብሰባ ላይ ተቀምጣችሁ ታውቃላችሁ። የዕድር፣ የቀበሌ፣ የወላጆች፣ የኮንዶሚኒየም ማኅበር፣ ብቻ አንዱ። አንድ ሰው እጁን ያወጣል። ዕድል ይሰጠዋል። አሥር ደቂቃ ይናገራል። ሲቀመጥ ይጨበጨብለታል። ጥግ ላይ ያለችው ጸሐፊ ግን እስክሪብቶዋን እንደያዘች ቀርታለች። ምን ብላ ትጻፍ? ትንሽ ታስብና "አቶ እከሌ ሰፊ ሐሳብ ሰጥተዋል" ትላለች። የአሥር ደቂቃው ንግግር አምስት ቃል ሆኖ ቀረ።

ይህን የማውቀው ለጥቂት ዓመታት የሰፈራችንን ማኅበር ቃለ ጉባኤ ስለያዝኩ ነው። ከዚያ በፊትም በኋላም የተማሪዎች የክርክር ክበብ ሳግዝ ቆይቻለሁ። ስለ ንግግር ከማውቀው ነገር አብዛኛውን ያስተማረችኝ ግን ያቺ የጸሐፊ ወንበር ናት። አንዳንድ ሰው ሁለት ደቂቃ ይናገርና ያለውን ቃል በቃል እጽፈዋለሁ። ሌላው ግማሽ ሰዓት ይናገርና ብዕሬ አይንቀሳቀስም። ልዩነቱ የድምፅ ማማር አይደለም። የትምህርት ደረጃም አይደለም። ፊደል ያልቆጠሩ እናት ዶክተሩን ሲበልጡት አይቻለሁ።

ስለዚህ ይህ መመሪያ የሚጀምረው ከመጨረሻው ነው። ንግግራችሁ አልቆ ስትቀመጡ ጸሐፊው ምን ብሎ ይጻፍ? ክፍል ውስጥ ከሆነ ደግሞ አጠገባችሁ ያለው ልጅ ደብተሩ ላይ ምን ይጻፍ?

1. አንዷን ዓረፍተ ነገር ጻፉ

ሌላ ምንም ሳታስቡ አንድ ወረቀት ያዙ። አንድ ዓረፍተ ነገር ጻፉበት። ርዕስ አይደለም፣ ዓረፍተ ነገር። "ስለ ውኃ ችግር" ርዕስ ነው። ማንም አይቃወመውም፣ ማንም አይደግፈውም። "የተበላሸው ፓምፕ እስከ ወሩ መጨረሻ እንዲጠገን እያንዳንዱ ቤት 600 ብር ያዋጣ" ግን ዓረፍተ ነገር ነው። እጅ ይወጣበታል። ይጻፋል።

የክፍል ሥራም ቢሆን ያው ነው። "ስለ አፈር መሸርሸር" ብላችሁ ከተነሳችሁ ዓለምን ስትዞሩ ደወል ይደወላል። "የትምህርት ቤታችን ግቢ አፈር በየክረምቱ የሚታጠበው ተዳፋቱ ላይ ሣር ስለሌለ ነው" ካላችሁ ግን ተማሪው በመስኮት አሻግሮ ያያል።

ዓረፍተ ነገሯ ትክክል መሆኗን የማውቅባት ፈተና አለችኝ። ለታናሽ ወንድማችሁ ወይም ለእናታችሁ አንዴ ብቻ ንገሯቸው። ከአምስት ደቂቃ በኋላ "ምን ነበር ያልኩት?" ብላችሁ ጠይቁ። በራሳቸው ቃል ከመለሱላችሁ ደህና ነው። "ስለ ውኃ ነገር" ካሉ ተመልሳችሁ ጻፉ። ብዙ ሰው ይህን እርምጃ ይዘለዋል። ከዚህ በታች ያለው ሁሉ የሚበላሸውም በዚሁ ነው።

2. ማን እንደሚሰማችሁ እወቁ

አንዱ ሐሳብ ለአምስት ዓይነት ሰው በአምስት መንገድ ይነገራል። ሦስት ነገር ብቻ ጠይቁ። ስለ ጉዳዩ ምን ያህል ያውቃሉ? ከኔ ሐሳብ የሚጎዳው ማን ነው? ሲወስኑ የሚያዩት የማንን ፊት ነው?

ሦስተኛው ጥያቄ ይናቃል፣ ግን ትልቅ ነው። በየስብሰባው ሌላው ሰው ከመናገሩ በፊት ዞር ብሎ ፊታቸውን የሚያያቸው አንድ ሁለት አዛውንት አሉ። ከስብሰባው በፊት ሄዳችሁ "ጋሼ፣ ነገ እንዲህ ልል አስቤ ነበር፤ እርስዎ እንዴት ያዩታል?" በሏቸው። ይህ ተንኮል አይደለም። ሽማግሌን አስቀድሞ ማማከር የቆየ ወጋችን ነው። ብዙ ጊዜም እናንተ ያላያችሁትን ያሳያችኋል።

አጠራርም ቦታ ቦታ አለው። ዕድር ላይ "ክቡራትና ክቡራን" ማለት ሰውን ያርቃል። "እንደምን ዋላችሁ" ይበቃል። ወረዳ ላይ ኃላፊ ፊት ደግሞ "የተከበሩ" ብላችሁ አንዴ ጥሩና ወደ ጉዳዩ ግቡ። እንግዶችን በየተራ ስትጠሩ ሁለት ደቂቃ ካለቀ ሰው ስልኩን ያወጣል። በዕድሜ ከሚበልጧችሁ ጋር የሐሳብ ልዩነት ካላችሁ "ተሳስተዋል" አትበሉ። "ጋሼ ያሉትን ሰምቻለሁ፤ እኔ ደግሞ ከዚህ በኩል ነው ያየሁት" በሉ። ሐሳባችሁ በዚህ አይለዝብም፤ ይሰማል እንጂ።

3. አጥንቱን አብጁ

አጭር ንግግር ሦስት አጥንት ይበቃዋል። ያየሁት ምንድን ነው? ለምን ሆነ? ምን እናድርግ? ከዚህ የበለጠ ውስብስብ ነገር ለመጀመሪያው ዓመት አያስፈልጋችሁም።

ልዩነቱ እንዲታይ አንድ ምሳሌ ሙሉውን ላሳይ። የኮንዶሚኒየም ስብሰባ ነው። ጉዳዩ የውኃ ፓምፕ። ብዙ ጊዜ የምንሰማው እንዲህ ይጀምራል፦

"እንግዲህ በቅድሚያ ይህን ዕድል ስለሰጣችሁኝ ላመሰግን እወዳለሁ ማለት ነው። እንደሚታወቀው ውኃ ሕይወት ነው። ይህ ሕንፃ ከተሠራ ጊዜ ጀምሮ ብዙ ችግሮች አሉ። ከዚህ በፊት የነበረው ኮሚቴም፣ ስም መጥቀስ አልፈልግም፣ ግን..."

ሰውየው ገና ሁለተኛው ትንፋሽ ላይ ነው። የድሮ ኮሚቴ አባላት ግን መልስ ማዘጋጀት ጀምረዋል። ስብሰባው ከዚህ በኋላ ስለ ፓምፕ አይሆንም።

አሁን ይህን እዩ፦

"እንደምን ዋላችሁ። ሦስተኛ ፎቅ ነው የምኖረው። ባለፈው ማክሰኞ ከሌሊቱ 9 ሰዓት ደረጃው ላይ አንዲት ጎረቤታችንን አገኘኋት። ሁለት ጀሪካን ይዛለች። አራተኛ ፎቅ ነው ቤቷ። ነፍሰ ጡር ናት። ታች ሮቶው ሞልቷል፤ ፓምፑ ስለማይሠራ ግን ውኃው ወደ ላይ አይወጣም። ባለሙያ አምጥተን አሳየነው። ጥገናው 24,000 ብር ነው፤ ዋጋው የተጻፈበት ወረቀት ይኸው። እኛ 40 ቤት ነን። ለእያንዳንዱ ቤት 600 ብር ይደርሰዋል። በሁለት ወር መክፈል ለሚፈልግ 300፣ 300 ይሆናል። ፓምፑ እስከ ወሩ መጨረሻ እንዲጠገን እያንዳንዱ ቤት 600 ብር ያዋጣ። ዛሬ እንድንወስን የምጠይቀው ይህን ብቻ ነው።"

ይህ አንድ ደቂቃ ከምናምን ይወስዳል። ልብ በሉ። ማንንም አልከሰሰም። "ሁላችንም እንቸገራለን" አላለም፤ አንዲት ሴት ደረጃ ላይ አሳየን። ቁጥሩን ራሱ አካፍሎ አቀረበ፤ ሰው በየልቡ ሒሳብ እንዲሠራ አልተወውም። ምድር ቤት ያለ ሰው "እኔ ጋ ውኃ አለ፣ ለምን እከፍላለሁ?" እንደሚል ያውቃል፤ ስለዚህ የጀመረው ከሴትየዋ ነው። ጨረሰና ተቀመጠ።

"ነገር በምሳሌ ጠጅ በብርሌ" ይባላል። ምሳሌ ማለት ግን የግድ ተረትና ምሳሌ መደርደር አይደለም። በዓይን ያያችሁት አንድ ነገር ከሦስት ተረት ይበልጣል። ተረትም ከተጠቀማችሁ አንድ ይበቃል፣ ያውም ከጉዳዩ ጋር የገጠመ።

4. ወረቀቱን አሳጥሩ

ንግግሩን ሙሉውን ጻፉት። ከዚያ መዳፍ የምታክል ካርድ ላይ ቁልፍ ቃላቱን ብቻ ገልብጡ። ለፓምፑ ንግግር፦ ማክሰኞ 9 ሰዓት፣ ሮቶ ሙሉ፣ 24,000፣ 40 ቤት፣ 600፣ እስከ ወሩ መጨረሻ። በቃ። ሙሉውን ወረቀት ይዛችሁ ከተነሳችሁ ዓይናችሁ ከወረቀቱ አይነሳም፤ እጃችሁ ሲንቀጠቀጥም ወረቀቱ ያጎላዋል። ካርድ አይንቀጠቀጥም።

በቃል መሸምደድም አይበጅም። አንድ ቃል ከጠፋባችሁ ተከታዩ ሁሉ አብሮ ይጠፋል። በቃል መያዝ ያለባችሁ የመጀመሪያዎቹን ሁለት ዓረፍተ ነገሮችና የመጨረሻዋን ብቻ ነው።

5. ጮክ ብላችሁ ተለማመዱ

እዚህ ላይ ረጋ ብዬ ልናገር፤ ምክንያቱም የአማርኛ የራሱ ጣጣ ያለው እዚህ ነው።

በሆድ ማንበብ ልምምድ አይደለም። ቆማችሁ፣ በምትናገሩበት ድምፅ፣ ቢያንስ አምስት ጊዜ በሉት። ሦስተኛውን በስልካችሁ ቅዱት። የራሳችሁን ድምፅ መስማት መጀመሪያ ላይ አይጥምም፤ ሁሉም ሰው እንደዚያ ነው። ታገሡና ስሙት። ስትሰሙ አራት ነገር ፈልጉ።

የመጀመሪያው መሙያ ቃል ነው። "ማለት ነው"፣ "እንግዲህ"፣ "ምን ይባላል"፣ "ያው"፣ "እእእ"። ስንት ጊዜ እንዳላችሁ በጣት ቁጠሩ። አንዲት የክበባችን ተማሪ በሁለት ደቂቃ ውስጥ 19 ጊዜ "ማለት ነው" ብላ ነበር። ራሷ ቆጥራ ራሷ ደነገጠች። መድኃኒቱ ዝም ማለት ነው። ቃሉ ሊመጣ ሲል አፋችሁን ግጠሙ። ለእናንተ ረጅም የሚመስላችሁ ዝምታ ለሰሚው አንዲት ትንፋሽ ናት። ከሦስት ሳምንት በኋላ ያቺ ልጅ ወደ አራት አወረደችው።

ሁለተኛው የዓረፍተ ነገር መጨረሻ ነው። አማርኛ ግሱን የሚያስቀምጠው መጨረሻ ላይ ነው። የተደረገና ያልተደረገ የሚለየው እዚያ ነው። "ኮሚቴው ባለፈው ዓመት የሰበሰበውን የጥበቃ ገንዘብ ለጥበቃዎቹ..." ከፈለ? አልከፈለም? ሰሚው እስከ መጨረሻ ይጠብቃል። እኛ ደግሞ ትንፋሻችን የሚያልቀውና ድምፃችን የሚወርደው ልክ እዚያ ላይ ነው! ቅጂውን ስትሰሙ እያንዳንዱ ግስ ጥርት ብሎ ይሰማ እንደሆነ አረጋግጡ። ካልተሰማ ዓረፍተ ነገሩ ረዝሟል ማለት ነው፤ ለሁለት ቁረጡት። ጋዜጣ ላይ የሚያምር ረጅም ዓረፍተ ነገር አፍ ላይ ሰውን ያንጠለጥላል።

ሦስተኛው ማጥበቅና ማላላት ነው። ፊደላችን ይህን አያሳይም። "ይሰማል" ላልቶ ሲነበብ ሰውየው ይሰማል ነው፤ ጠብቆ ሲነበብ ድምፁ ይሰማል ነው። "አለ" ላልቶ ተናገረ፣ ጠብቆ ደግሞ ይገኛል። ስናወራ አንሳሳትም። ከወረቀት ስናነብ ግን እንሳሳታለን። እኔ ዘጠነኛ ክፍል እያለሁ በሚኒ ሚዲያ የበዓል ዝግጅት አነበብኩ። ጠዋት ሰልፍ ላይ፣ ሰንደቅ ዓላማው ሥር። "ገና"ን አላልቼ፣ "ነገ ገና ነው" አልኩ፤ በዓሉ ገና እንዳልደረሰ አስመስዬ። ሰልፉ በሙሉ ሳቀ። የቀረውን እንዴት እንዳነበብኩት አላስታውስም። ከዚያ ወዲህ ከወረቀት የማነበው ነገር ካለ የሚጠብቁትን ፊደላት ከላያቸው ላይ በሁለት ነጥብ ምልክት አደርግባቸዋለሁ። እናንተም አድርጉት። የሰው ስም ካለ ደግሞ ባለቤቱን አስቀድማችሁ ጠይቁ።

አራተኛው ሰዓት ነው። ሦስት ደቂቃ ከተሰጣችሁ በሁለት ደቂቃ ተኩል የሚያልቅ አዘጋጁ። ፊት ለፊት ሰው ሲኖር ሳል አለ፣ ሳቅ አለ፣ ማይክ መጠበቅ አለ።

ብቻችሁን ከመለማመድ አራት አምስት ሆናችሁ ብትሰባሰቡ የተሻለ ነው። ቅዳሜ ከሰዓት፣ አንድ ሰዓት ብቻ። እያንዳንዱ ሁለት ደቂቃ ይናገራል። የሰሚዎቹ ሕግ አንድ ነው፦ መጀመሪያ ሁሉም የሰማትን አንዷን ዓረፍተ ነገር ይጽፋል፤ ከዚያ አንድ ጥሩ የነበረ ነገር፣ አንድ መስተካከል ያለበት ነገር ይነገራል። "አሪፍ ነበር" አስተያየት አይደለም። አምስቱ ሰዎች አምስት የተለያየ ዓረፍተ ነገር ከጻፉ ተናጋሪው ወደ መጀመሪያው እርምጃ ይመለሳል።

6. ፍርሃቱን ምን እናድርገው?

አይጠፋም። ሃያ ዓመት የተናገረ ሰውም ልቡ ይመታል። ሰውነታችን ብዙ ዓይን ሲያርፍበት አደጋ የመጣ ይመስለውና አድሬናሊን ይለቃል። ልብ ይፈጥናል፣ አፍ ይደርቃል፣ ጉልበት ይብረከረካል። የአቅም ማነስ ምልክት አይደለም።

ትንፋሽ ግን በእጃችሁ ነው። ተራችሁ ከመድረሱ በፊት በአፍንጫችሁ እስከ አራት እየቆጠራችሁ ሳቡ፣ እስከ ስድስት እየቆጠራችሁ ቀስ ብላችሁ አውጡ። አምስት ጊዜ። ማውጫው ከመሳቢያው ሲረዝም የልብ ምት ይረግባል። አንድ ሁለት ጉንጭ ውኃ ጠጡ። እጃችሁ የሚንቀጠቀጥ ከሆነ የዚያን ቀን ቡናውን ቀንሱ።

ስትነሱ ወዲያው አትጀምሩ። ቁሙ፣ ሰዉን እዩ፣ አንዴ ተንፍሱ፣ ከዚያ ጀምሩ። ሰኔ 23 ቀን 1928 ዓ.ም. አፄ ኃይለ ሥላሴ ጄኔቫ በመንግሥታት ማኅበር ፊት ሊናገሩ ሲቆሙ የጣሊያን ጋዜጠኞች ፉጨትና ጩኸት አሰሙ። ንጉሡ አልጮኹም፤ አልወረዱምም። ዝም ብለው ቆመው ጠበቁ። ጋዜጠኞቹ ከአዳራሹ ከተባረሩ በኋላ ንግግራቸውን ጀመሩ። ፈረንሳይኛ አሳምረው ያውቁ ነበር፤ የተናገሩት ግን በአማርኛ ነበር። አገራቸው ተወርራ፣ እሳቸው ተሰደው፣ ያ ሁሉ ጩኸት ባለበት መቆም ከተቻለ፣ አርባ የክፍል ጓደኛ ፊት ሦስት ሰከንድ ዝም ብሎ መቆም ይቻላል።

ዓይናችሁ የት ይረፍ? ከቀኝ፣ ከግራ፣ ከመሐል አንዳንድ ቀና ፊት ምረጡ። ለአንዱ አንድ ሙሉ ዓረፍተ ነገር ንገሩት፤ ከዚያ ወደ ሌላው እለፉ። ጣሪያ አትዩ።

7. ማይክ

አጭር ነው። ከአፋችሁ አንድ ጭብጥ ያህል አርቁ። አትንፉበት፣ አትምቱት። "ይሰማል?" ብላችሁ አንዴ ጠይቁና መልሱን ጠብቁ። ፊታችሁን ስታዞሩ ማይኩንም አብራችሁ አዙሩት። መብራት ከጠፋ ከመድረኩ ወርዳችሁ ወደ ሰዉ ተጠጉ፤ ከኋላ ያሉትንም "ጠጋ በሉ" በሏቸው። እንዲህ ሆኖ ከበፊቱ የተሻለ ስብሰባ አይቻለሁ።

8. ክፍል ውስጥ፣ በእንግሊዝኛ

ሁለተኛ ደረጃ ላይ ትምህርቱ በእንግሊዝኛ ነው፤ ፕረዘንቴሽኑም እንደዚያው። ተማሪው ብዙ ጊዜ ሁለት ፍርሃት አለበት፦ የመናገር ፍርሃትና የቋንቋው ፍርሃት። ሁለቱን ለዩአቸው። መጀመሪያ ለጓደኛችሁ በአፍ መፍቻ ቋንቋችሁ አስረዱት። ሐሳቡ ከገባው አጥንቱ ደህና ነው። ከዚያ በኋላ በአጫጭር የእንግሊዝኛ ዓረፍተ ነገሮች ሥሩት። ከመጽሐፍ የተገለበጠ ከባድ ቃል አትሸከሙ። ስትጠየቁ ትርጉሙን መናገር የማትችሉትን ቃል አውጡት።

የቡድን ሥራ ከሆነ አንዱ ተናግሮ ሌሎቹ እንደ ዘብ አይቁሙ። ለየአንዳንዱ አንድ አጥንት ስጡ። ፓወር ፖይንት ካለ ስላይዱ ላይ የተጻፈውን አታንብቡ፤ ተማሪው ራሱ ማንበብ ይችላል። ሥዕል ወይም አንድ ቁጥር ይኑርበት። ሰሌዳ ብቻ ካለም አትዘኑ፤ እየተናገሩ መሳል ዓይን ይይዛል።

9. በስብሰባ ላይ

የሕገ መንግሥቱ አንቀጽ 29 ሐሳብን የመግለጽ መብትን ይሰጣል። መብቱ የሚሠራው ግን እጅ ስታወጡ ነው። "ካልተናገሩ ደጃዝማችነት ይቀራል" የሚሉት አያቶቻችን የሹመትን ነገር ሲናገሩ ቢሆንም፣ ለቀበሌ የውኃ መስመርም ይሠራል።

አጀንዳውን ቀድማችሁ እወቁ። ጉዳያችሁ ከአጀንዳው ውስጥ ከሌለ ስብሰባው ሲከፈት "አጀንዳ እንዲያዝልኝ" ብላችሁ ጠይቁ። "ልዩ ልዩ" እስኪባል ከጠበቃችሁ ግማሹ ሰው ሄዷል። ዕድል ሲሰጣችሁ "አመሰግናለሁ ሰብሳቢ፤ ሐሳቤ በሁለተኛው አጀንዳ ላይ ነው" ብላችሁ ግቡ። ከአጀንዳ የወጣ ሰው ካለ "ሥነ ሥርዓት" ብላችሁ ማስታወስ ትችላላችሁ፤ ግን የማይወዱትን ሐሳብ ለማቋረጥ አይደለም። መጨረሻ ላይ ደግሞ ይህችን ጨምሩ፦ "ይህ ሐሳብ በቃለ ጉባኤ ይያዝልኝ።" ጸሐፊዋ እስክሪብቶዋን ታነሳለች። ከዚያ አንዷን ዓረፍተ ነገራችሁን በዝግታ፣ ሊጻፍ በሚችል ፍጥነት፣ አንዴ ድገሙ።

ጊዜም አለው። የመንግሥት በጀት ዓመት ሐምሌ 1 ይጀምራል። ለሰፈራችሁ የመንገድ መብራት ወይም ድልድይ በበጀት እንዲያዝ የምትፈልጉ ከሆነ ሐምሌ ላይ መጠየቅ ረፍዷል። ከዚያ አስቀድሞ፣ ዕቅዱ ገና ሲሰናዳ በሚጠሩት የውይይት መድረኮች ላይ ተገኙ።

አንድ የሚያሳስበኝ ነገር አለ። የሰፈር ስብሰባ ላይ ሴቶች ከኋላ ይቀመጣሉ፤ ዕድልም መጨረሻ ላይ ይደርሳቸዋል። ውኃ የሚቀዳው፣ ወፍጮ የሚሄደው፣ ልጅ ሐኪም ቤት የሚወስደው ግን አብዛኛውን ጊዜ ማን ነው? ሴት ከሆናችሁ ፊት ተቀመጡ፤ ከመጀመሪያዎቹ ሦስት ተናጋሪዎች አንዷ ሁኑ። ብዙ በጠበቃችሁ ቁጥር ልብ ይከብዳል። ሰብሳቢ ከሆናችሁ ደግሞ "ከሴቶች በኩልስ?" ብላችሁ በደፈናው አትጠይቁ፤ በስም ጥሩና በቂ ጊዜ ስጡ።

ውጭ አገር ላላችሁም ነገሩ ብዙ አይለይም። ዋሽንግተን ዲሲ ያላችሁ ለምሳሌ፣ በ2004 እ.ኤ.አ. የወጣው የከተማዋ የቋንቋ ተደራሽነት ሕግ ከሚያስተናግዳቸው ቋንቋዎች አንዱ አማርኛ ነው። አስተርጓሚ ጠይቁ። በአስተርጓሚ ስትናገሩ ግን ሰዓቱ በግማሽ ያንሳል፤ በየሁለት ዓረፍተ ነገሩ ቁሙ። አስተርጓሚውን ሳይሆን የምታናግሩትን ሰው እዩ።

10. ሲቃወሟችሁ

ጥንት ሙግት በአደባባይ ነበር። በልሃ ልበልሃ ይባላል። ተሟጋቹ በዛፍ ጥላ ሥር ቆሞ፣ "ተጠየቅ!" እያለ፣ ነገሩን በግጥም እያዋዛ ይከራከር ነበር። አንዳንዴም መንገደኛው ሳይቀር ዳኛ ይሆናል። ከዚያ ሥርዓት የምወድለት ተራ መጠበቁን ነው። አንዱ ሲል ሌላው ይሰማል፤ ካልሰማ ምን ብሎ ይመልሳል?

ስለዚህ ተቃውሞ ሲመጣ መጀመሪያ ያለውን ድገሙለት። "እርስዎ የሚሉት፣ ምድር ቤት ያለ ሰው ለፓምፑ መክፈል የለበትም ነው። በትክክል ገብቶኛል?" "አዎ" ሲሉ ግማሹ ሙቀት ይበርዳል። ሰው የሚናደደው አልተሰማሁም ሲል ነው። ከዚያ ትክክል የሆነውን ክፍል እመኑለት። "እውነት ነው፣ እርስዎ ጋ ውኃ አለ።" ቀጥሎ መልሱን አጭር አድርጉ። "ጣሪያው ሲያፈስ ግን አራተኛ ፎቅ ብቻቸውን አይከፍሉም፤ ሁላችንም ነን የምናዋጣው። ፓምፑም እንደዚያው የጋራ ነው።"

የማታውቁትን ከተጠየቃችሁ "ይህን አሁን አላውቀውም፤ እስከ ቅዳሜ አጣርቼ እነግርዎታለሁ" በሉ። ቅዳሜ ደግሞ በእርግጥ ንገሯቸው። የሰው ስድብ ከመጣ አትመልሱ። ወደ ዓረፍተ ነገራችሁ ተመለሱ፤ እሷ ናት መውደቅ የሌለባት።

11. ከተቀመጣችሁ በኋላ

ስብሰባው ሲበተን ወደ በሩ አትሩጡ። ወደ ጸሐፊዋ ሂዱ። "የኔን እንዴት ጻፍሽው?" ብላችሁ በትሕትና ጠይቁ። የሚፈረምበት ገጽ ካለም ከመፈረማችሁ በፊት አንብቡት።

የፓምፑ ስብሰባ ምሳሌ ብቻ አልነበረም፤ እኔ ቃለ ጉባኤ በያዝኩበት ዘመን ከነበሩት አንዱን ቁጥሩን ቀይሬ ነው የጻፍኩት። ተናጋሪው የዩኒቨርሲቲ ተማሪ ነበር፤ ለዕረፍት መጥቶ። ሰው ሲወጣ እሱ ጠረጴዛዬ ጋ መጣና ጎንበስ ብሎ መዝገቡን አየ። እንዲህ ይላል፦ "ፓምፑ እስከ ወሩ መጨረሻ እንዲጠገን፣ ለዚህም እያንዳንዱ ቤት እንዲያዋጣ በአንድ ድምፀ ተአቅቦ ተወስኗል።" አነበበው። ከኪሱ ካርዱን አውጥቶ አስተያየው። ከዚያ እስክሪብቶዬን ተዋሰኝና ካርዱ ጀርባ ላይ ገንዘብ የሚሰበስቡትን የሁለት ሰዎች ስልክ ጻፈ።